«አድ-ዲባ» ማለት ምን ማለት ነው? «ፈር ቀዳጅ»ስ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለቤቱ። ስለ መጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሳነብ «ፈር ቀዳጁ ግብጻዊ አጥቂ አድ-ዲባ» የሚል ነገር አገኘሁ። አድ-ዲባ የሰውየው ስም ነው ወይስ ቅጽል ስም? ትርጉሙስ? በዚያው «ፈር ቀዳጅ» ከ«ቀዳሚ» እና ከ«ፋና ወጊ» በምን እንደሚለይ ብታብራሩልኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው ወንድሜ። ሰውየው ለእኛም ሩቅ አይደለም።

ቅጽል ስም ነው። ሙሉ ስሙ መሐመድ ዲያብ አል-አጣር ይባላል። በ1927 እ.ኤ.አ. እስክንድርያ ተወለደ፤ እግር ኳስም የተጫወተው እዚያው፣ ለአል-ኢቲሃድ ነው። «ዲብ» በግብጾች አፍ ተኩላ ነው። «ዲያብ» ብዙ ቁጥሩ ነው፣ ተኩላዎች። «ዲባ» ደግሞ እንስቷ። «አል-አጣር» ማለት ቅመምና ሽቶ ሻጭ ነው፣ የቤተሰብ ስም ሆኖ ቀርቷል።

እኔን የሚገርመኝ ሥሩ ነው። በመጽሐፍ አረብኛ ቃሉ «ዚእብ» ሲሆን ግብጾች የመጀመሪያውን ድምፅ ወደ «ደ» አመጡት። በዕብራይስጥ «ዜኤቭ» ነው፣ እሱም ተኩላ። በግዕዝስ? «ዝእብ»። ግን በግዕዝ ዝእብ ተኩላ አይደለም፣ ጅብ ነው። የእኛ «ጅብ» ራሱ ከዚሁ ሥር የወጣ ቃል ነው። ቃሉ ቀይ ባሕርን ሲሻገር እንስሳው ተቀየረ።

ስለዚህ «አድ-ዲባ»ን በሥሩ ከሄድን «ጅቢት» ሊሆንብን ነው። እንደዚያ ብሎ መተርጎም ግን ስህተት ይመስለኛል። በአማርኛ ሰውን ጅብ ማለት ሆዳም ማለት ነው፣ ስድብ ነው። ግብጻዊው ግን የሚሰማው ተኩላዋን ነው፤ አድብታ የምትይዘውን። የሳጥን ውስጥ አጥቂ ሥራ ደግሞ ይኸው ነው። ተርጓሚ ካለ «ተኩላዋ» ይበል፣ ወይም ስሙን እንዳለ ይተወው።

ጥያቄ፦ በጣም አመሰግናለሁ ጋሼ። «ለእኛም ሩቅ አይደለም» ያሉት ምን ለማለት ነው?

መልስ፦ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግብጽ ከኢትዮጵያ ነበር። የካቲት 9 ቀን 1949 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 16 ፌብሩዋሪ 1957፣ ካርቱም ላይ። ግብጽ 4 ለ 0 አሸነፈች። አራቱንም ያገባው አድ-ዲባ ነው።

አንድ ሰው፣ አንድ ፍጻሜ፣ አራት ጎል። ከዚያ ወዲህ በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ይህን የደገመ የለም። ከዚያ ቀደም ብሎ በግማሽ ፍጻሜው ግብጽ ሱዳንን 2 ለ 1 ስትረታ አንዷን ጎል እሱ አግብቷል። በውድድሩ በሙሉ የተቆጠረው 7 ጎል ነበር፤ 5ቱ የእሱ ናቸው። ኮከብ ግብ አግቢ የሚለው ቃል እንዲህ ልክክ ብሎ የገባለት ሰው ጥቂት ነው።

እዚህ ጋ «ፎርፌ» የሚለውን ቃል ላንሳ፤ ያለ እሱ ታሪኩ አይሟላም። ኢትዮጵያ ግማሽ ፍጻሜዋን ሳትጫወት ነው ለፍጻሜ ያለፈችው። ተጋጣሚዋ ደቡብ አፍሪካ ነበረች። የደቡብ አፍሪካ ማኅበር ወይ ነጭ ብቻ ወይ ጥቁር ብቻ ቡድን ካልሆነ ቀላቅዬ አልልክም አለ። ውድድሩን የሚመራው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ደግሞ ገና የተመሠረተው በዚያው ሰሞን፣ እዚያው ካርቱም ውስጥ ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ የእኛው ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። ገና በጨቅላነቱ፣ አራት አባል ብቻ ይዞ፣ አንዷን አባል ከውድድር አስወጣ። ሦስት አገር ብቻ ቀረ።

ልብ በሉ፣ በእኛ አነጋገር «ፎርፌ» ሲባል እንደ ቀላል ነገር ነው የምናየው። አንዱ ቡድን ቀረ፣ ሌላው ሳይደክም ሦስት ነጥብ ወሰደ፣ አለቀ። የዚያኛው ፎርፌ ግን ከባድ ነው። አፓርታይድን በስፖርት ቀድመው እንቢ ካሉት ውሳኔዎች አንዱ ነው። ኢትዮጵያ «በፎርፌ ነው ፍጻሜ የደረሰችው» ሲባል አንዳንዱ ሰው ለማሳነስ ይለዋል፤ እኔ በዚህ በፍጹም አልስማማም።

ሌላ አባል፦ እኔ «ፈር ቀዳጅ» ላይ ልግባ። ፈር ማለት በሬና ማረሻ መሬት ላይ የሚተዉት መስመር ነው። ፈር ቀደደ ሲባል ያልታረሰ መሬት ላይ ያን መስመር አወጣ ማለት ነው። «ነገሩ ፈሩን ለቀቀ» የምንለውም ከዚሁ ነው። ስለዚህ ፈር ቀዳጅ መጀመሪያ የሠራ ብቻ አይደለም። ሌላው መስመሩን ይዞ የተከተለው ነው። መጀመሪያ ሆኖ ተከታይ ያላፈራ «ቀዳሚ» ነው፣ በቃ። «ፋና ወጊ» ለፈር ቀዳጅ ይቀርባል፤ መብራት ይዞ ከፊት የሚሄደውን ያስመስላል፣ ለሐሳብና ለትምህርት ሰዎች ይበልጥ ይስማማል።

እንግዲህ በዚህ ሚዛን ስናየው የሰሜን አፍሪካ ፈር ቀዳጅ አጥቂ ማነው? በዓለም ዋንጫ ጎል ያገባ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ግብጻዊው አብዱራህማን ፋውዚ ነው። በ1934 እ.ኤ.አ. ኔፕልስ ላይ ሃንጋሪን ሁለት አገባባት፤ ግብጽ 4 ለ 2 ተሸንፋ ወጣች። ከዚያ ግብጽ እስከ 1990 ድረስ ዓለም ዋንጫ አልተመለሰችም። ፋውዚ ያለ ጥርጥር ቀዳሚ ነው። ፈሩን ግን ወዲያው የተከተለ አላገኘም።

ላርቢ ቤን ባሬክ ደግሞ አለ፣ የካዛብላንካው። በ1938 ማርሴይ ገባ፣ በዚያው ዓመት የፈረንሳይን ማልያ ለበሰ። ከጦርነቱ በኋላ አትሌቲኮ ማድሪድ ሄዶ በ1950 እና በ1951 የስፔን ሊግን በላ። እሱ በሄደበት መንገድ ስንቱ የማግሬብ ልጅ ተከትሎ ሄደ! ለእኔ ፈር ቀዳጅ ማለት እሱ ነው። አድ-ዲባ ግን አውሮፓ አልሄደም፣ እስክንድርያ ነው የኖረው። ቃሉ ለእሱ ይበዛበታል ባይ ነኝ።

መልስ፦ ስለ ቤን ባሬክ ያልከው ትክክል ነው፣ አልከራከርም። ስለ አድ-ዲባ ግን ልሟገትለት። ፈር የሚቀደደው ወደ አውሮፓ ብቻ ነው እንዴ? እሱ የቀደደው የአፍሪካን ውድድር ፈር ነው። የአፍሪካ ዋንጫ ኮከብ ግብ አግቢ ሲቆጠር መጀመሪያ የሚጻፈው የእሱ ስም ነው። በ1959 እ.ኤ.አ. ግብጻዊው ማሕሙድ አል-ጎሃሪ ካይሮ ላይ ኢትዮጵያን ሐትሪክ ሠራባት። ከዚያ በ1962 አዲስ አበባ ላይ የእኛዎቹ እነመንግሥቱ ወርቁ፣ እነኢታሎ ቫሳሎ ያንኑ የግብጽ ቡድን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈው ዋንጫውን አስቀሩት። ካርቱም ላይ አራት ገብቶብን ነበር፤ አራት አገባን። ይህ ሁሉ በአንድ ፈር ላይ የሄደ ነው።

ደግሞ ሰውየው ጫማውን ሰቅሎ ቤቱ አልገባም። ዳኛ ሆነ። በጥር 1960 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1968፣ አዲስ አበባ ሁለተኛውን የአፍሪካ ዋንጫዋን ስታስተናግድ፣ ኮንጎ ኪንሻሳ ጋናን 1 ለ 0 ያሸነፈችበትን ፍጻሜ የመራው አድ-ዲባ ነው። በፍጻሜ ተጫውቶ፣ ጎል አግብቶ፣ ኋላም ፍጻሜ በፊሽካ መምራት! ይህን ከእሱ በፊት ማን አደረገው? ተኩላዋ በ2016 እ.ኤ.አ. ነው ያረፈችው፤ ይቅርታ፣ ያረፈው። ቅጽል ስሙ ጾታውን ያምታታል።

ጠያቂ፦ በጣም ነው ያስተማራችሁኝ። «ፊሽካ»ም የውጭ ቃል ነው አይደል?

መልስ፦ አዎ፣ ከጣልያንኛ ነው፤ ማፏጨት ከሚለው ቃላቸው። ለአራት ጎል ግን እስካሁን ሁላችን የተስማማንበት ቃል የለንም። «ሐትሪክ» ሦስት ላይ ይቆማል። አንዳንድ ልጆች «ሐትሪክ ከነምርቃቱ» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እኔ ወድጄዋለሁ። የተሻለ ያለው ይጻፍልን።