«ከሚፈቀደው ልክ በታች ነው» ሲባል ለማን የሚፈቀደው?

የቀፎ ልጅ፦ ትናንት ሬዲዮ ላይ አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ቀርበው ነበር። ከሃይቴንሽን ሥር ቀፎ ያላቸው አባት ደውለው «ንቤ እየኮበለለ አስቸገረኝ» ቢሏቸው፣ «የኤሌክትሪክ መስኩ፣ ማለት በሽቦው ዙሪያ የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ኃይል፣ ከሚፈቀደው ልክ በታች ነው፤ ንብዎን ያባረረው ሌላ ነገር ነው» አሏቸውና ወደ ሌላ ጥሪ ታለፈ። ቀፎው ከመስመሩ ምን ያህል ይርቃል ብሎ የጠየቀ የለም። የአጎቴም ስድስት ቀፎ ከትልቅ መስመር አጠገብ ነው፤ መስመሩ ኃይል ከተለቀቀበት ወዲህ አራቱ ባዷቸውን ቀርተዋል። «የሚፈቀደው» ማለት ለማን ነው?

ታዴ መሐንዲሱ፦ ወንድሜ፣ ልኩ በዘፈቀደ አልወጣም። ኢክኒርፕ የተባለው ዓለም አቀፍ የጨረር ጥበቃ ኮሚሽን በ50 ኸርዝ፣ ማለት እኛ በምንጠቀምበት ዓይነት ኤሌክትሪክ፣ ለሕዝብ ያስቀመጠው 5 ኪሎቮልት በሜትር ነው። ገላ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ የውጭው መስክ ወደ ውስጥ የሚደርሰው እጅግ ተዳክሞ ነው። በካንሰር በኩልም እ.ኤ.አ. በ2002 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በጥርጣሬ መዝገብ ያስገባው መግነጢሳዊውን መስክ ነው፤ የኤሌክትሪክ መስኩን ለመፈረጅ በቂ ማስረጃ የለም ብሎ ነው የተወው። ሰው ሁለቱን እያምታታ ይፈራል።

የቀፎ ልጅ፦ ካንሰር ያነሳ የለም። «ለሕዝብ» አልክ፤ ሕዝብ ማለት ሰው ነው። እኔ የጠየቅሁት ስለ ንብ ነው።

ሐኪሟ፦ ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1981 ግሪንበርግና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ ከ765 ኪሎቮልት መስመር ሥር ቀፎ አስቀምጠው ያወጡት ጥናት አለ። መስኩ 7 ኪሎቮልት በሜትር በሆነበት ቦታ ከሰባት ቀፎ ስድስቱ አውራቸውን፣ ማለት ንግሥቲቱን ንብ፣ አጡ። ንቦቹ ይቅበጠበጣሉ፣ የቀፎውን በር ከዛፍ ሙጫ በሚሠሩት ማጣበቂያ፣ በፕሮፖሊስ፣ ይደፍናሉ፣ ክረምቱንም በደህና አይወጡም። አሁን ይህን ልብ በሉ፦ በ4.1 ኪሎቮልት በሜትርም ከ11 ሳምንት በኋላ የቀፎው ክብደት ወደ ኋላ ቀርቷል። 4.1 ከ5 በታች ነው። ለሰው በተፈቀደው ልክ ውስጥ ሆኖ ማር ቀነሰ ማለት ነው።

ታዴ መሐንዲሱ፦ ሐኪም፣ ጥናቱን እስከ መጨረሻው ንገሪን እንጂ። በ1.8 እና ከዚያ በታች የነበሩት ቀፎዎች ከ25 ሳምንት በኋላም ክብደታቸው ደህና ነበር። ጉዳቱ ያለበት ወሰንም ከዳር ሽቦ ወደ ውጭ 23 ሜትር ገደማ ነው ብለዋል። ደግሞ በሽቦ ወንፊት የተሸፈነና ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት እንዲወርድ ወንፊቱ ከመሬት ጋር የተያያዘለት ቀፎ አልተጎዳም። ስለዚህ ንቧን የነካት መስኩ ራሱ ሳይሆን ቀፎው ውስጥ ስትራመድ የሚያገኛት ትንሽ የኤሌክትሪክ ንዝረት ነው። ችግሩ ቀፎው ነው።

የቀፎ ልጅ፦ «ችግሩ ቀፎው ነው»! አጎቴ ያ ቀፎ ከአባቱ የወረሰው ነው፤ መስመሩ መጥቶበት እንጂ እሱ ወደ መስመሩ አልሄደም።

ጎጃሜው፦ እናንተ መስመር መስመር ትላላችሁ፤ እኛ አገር ንቡን የጨረሰው መድኃኒት ነው። ለአረሙ ቱፎርዲ፣ ለተባዩ ማላታይን፤ ያውም አበባ ላይ፣ ጠዋት ንቡ በወጣበት ሰዓት! መጀመሪያ ስለ እሱ ተነጋገሩ።

ሐኪሟ፦ እሱም እውነት ነው፤ ግን አንዱ ሌላውን አያስቀርም። መድኃኒት ሲሆን የሞተ ንብ በሩ ላይ ተከምሮ ይገኛል። የአጎትህ ቀፎ ሥር የሞተ ንብ ነበር ወይስ እንዲሁ ጥሎ ሄደ?

የቀፎ ልጅ፦ ጥሎ ነው የሄደ። አንድም ሬሳ የለም።

ጎጃሜው፦ ጉንዳንም የእሳት ራትም ያስኮበልላል። መኖም ሲያጣ ይሄዳል። እኔ ሠላሳ ቀፎ ያለኝ ሰው ነኝ፣ ከወሬ አልናገርም።

ቦጋለ ከሚኒሶታ፦ እዚህ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ገበሬዎቹ ለከብቶቻችንም ለልጆቻችንም ሰጋን ብለው ሰሚ ቢያጡ የመስመሩን ምሰሶዎች እስከ መጣል ደርሰዋል። ገበሬ ዝም ሲባል የሚመጣው ይህ ነው።

ታዴ መሐንዲሱ፦ ያ መስመር ዲሲ፣ ማለት አቅጣጫው የማይቀያየር ኤሌክትሪክ የሚሄድበት ነው፣ ጉዳዩም ሌላ ነው። ምሰሶ መጣልን ምሳሌ አድርገህ አታምጣብን፤ እዚያ ምሰሶ ላይ የሚወጡት ልጆች ጓደኞቼ ናቸው።

ቦጋለ ከሚኒሶታ፦ ጣሉ አላልኩም፤ ስሙ ነው ያልኩት።

ሐኪሟ፦ ወደ ነገራችን እንመለስ። ከብትን በተመለከተ ካናዳ፣ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ የወተት ላሞችን 10 ኪሎቮልት በሜትር ውስጥ አቁመው ከመግነጢሳዊ መስክ ጋር ፈትነዋል፤ ላሞቹ አልታመሙም፣ የሚበሉት መኖ ግን ጨመረ። ለሰው ከተፈቀደው እጥፍ ነው። ላም ችላው ንብ የማትችለው ነገር ሊኖር ይችላል፤ ለሁሉም አንድ ልክ አይሆንም የምለው ለዚህ ነው።

ታዴ መሐንዲሱ፦ ይህን አልክድም። ከ500 ኪሎቮልት መስመር መሃል፣ ሽቦው ዝቅ ባለበት ቦታ፣ መስኩ ከ5 ሊበልጥ ይችላል። ከመስመሩ ግራና ቀኝ ወሰን የሚከለለው ለዚህም ነው።

የቀፎ ልጅ፦ «ሊበልጥ ይችላል» አልክ! ታዲያ ባለሙያው ሳይለኩ «በታች ነው» ያሉት በምን አውቀው ነው?

ታዴ መሐንዲሱ፦ ከወሰኑ ውጭ ላለው ነው የተናገሩት።

የቀፎ ልጅ፦ አልጠየቁማ! ውስጥ ይሁን ውጭ አልጠየቁም። ሙያህን አልነቅፍም ታዴ፤ መብራት ለአገር እንደሚያስፈልግም አውቃለሁ። ግን ካሳ ሲገመት ባሕር ዛፉ ተቆጠረ፣ ቡናው ተቆጠረ፤ ቀፎውን የቆጠረ የለም።

ሐኪሟ፦ ሆለታ የንብ ምርምር ማዕከል አለን። ከህዳሴ ግድብ በዴዴሳ በኩል የሚመጣው የ500 ኪሎቮልት መስመርም ሆለታ ነው የሚገባው። በባህላዊውም በዘመናዊውም ቀፎ፣ ከመስመሩ ሥርና ራቅ ብሎ፣ አንድ ዓመት መመዘን ነው። ሽቦ ወንፊት የለበሰውም አብሮ ይታይ።

ጎጃሜው፦ ማሳው ላይ የሚረጨውም አብሮ ይመዝገብ፤ አለዚያ አልቀበለውም።

ታዴ መሐንዲሱ፦ ይለካ፣ እኔም መለኪያ ይዤ እሄዳለሁ። ልኩ ስህተት ነው ግን አልልም።

የቀፎ ልጅ፦ ስህተት ነው አላልኩም፤ የንብ አይደለም ነው ያልኩት። ነገ ለአጎቴ እደውላለሁ፤ ከዳር ሽቦው ሥር ተነስቶ እስከ እያንዳንዱ ቀፎ ስንት እርምጃ እንደሆነ ይቆጥርልኛል፤ የቀሩትን ሁለቱንም ባዶዎቹን አራቱንም።