ዶሮዎቼን ሌሊት ማን ነው የሚጨርሳቸው? በሩ ተዘግቶ ነው የሚያድረው

አዘዞ ጓሮ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለእንቁላል የማረባቸው 14 ቦቫንስ ብራውን ነበሩ፤ 8 ወር ሆኗቸዋል። በሁለት ሳምንት ውስጥ 3 አጥቻለሁ። ሁለቱ ቤታቸው ውስጥ ሞተው ነው የተገኙት፤ ጭንቅላትና አንገታቸው የለም፣ ሌላው አካላቸው አልተነካም። ሦስተኛዋ ጠፍታ ከአጥሩ ጥግ ላባዋ ብቻ ተገኘ። ቤቱ 2 ሜትር በ2 ሜትር ተኩል፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። መስኮቱ ላይ ባለ ስድስት ማዕዘን የዶሮ ሽቦ ተወጥሯል፤ በሩ በመቀርቀሪያ ይዘጋል፣ ተከፍቶም አላገኘሁትም። እንቁላሉ በቀን ከ12 ወደ 4 ወርዷል። አንዱ ጎረቤት ጅብ ነው ይላል፣ ሌላው ድመት ነው ይላል፣ መርዝ አስቀምጪ የሚለኝም አለ። ገንዘቤን ሽቦ ላይ ከማፍሰሴ በፊት ምኑን ልድፈን?

ባለ ቆጥ፦
እህቴ፣ ጅብ አይደለም። ጅብ ቢሆን በሩን ገንጥሎ ወይም ግድግዳውን ንዶ ነበር የሚገባው፤ የያዛትንም ከነአጥንቷ ነው የሚበላት። ውሻ ከገባ በአንድ ሌሊት አራት አምስቱን ዘነጣጥሎ ሳይበላ ይጥላቸዋል፤ ላባው ቤቱን ይሞላዋል። ጭልፊት የቀን ነው፤ ጫጩት ይነጥቃል እንጂ በተዘጋ ቤት ምንም ጉዳይ የለውም። አይጥ እንቁላልና ጫጩት ይጎትታል፤ ለደረሰች ዶሮ አቅም አይኖረውም። አንድ ሌላ ነገርም ልብ በይ፦ ዶሮዋ ከኋላዋ ተቦድሳ አንጀቷ ወጥቶ ከተገኘች አውሬ አትፈልጊ፤ እርስ በርሳቸው ተናክሰው ነው። መጨናነቅ፣ የመኖ ማነስ ወይም ስትጥል ማህፀኗ ወጥቶ መቅላቱ ነው የሚያመጣው።

ያንቺ ግን ሌላ ነው። ሸለምጥማጥ ቤት ውስጥ ከገባ አንገት ነክሶ ይገድልና ብዙውን ጊዜ ደረቱንም ይበላል። ጭንቅላትና አንገት ብቻ ጠፍቶ ደረቱ ካልተነካ፣ ገዳዩ ጭራሹን ቤት ውስጥ አልገባም ማለት ነው። ዶሮ በጨለማ አታይም። ሽቦው አጠገብ ቆጥ ላይ ሆና ከውጭ ሲያስደነግጣት ትወራጭና ጭንቅላቷ በቀዳዳው ይወጣል፤ ያኔ ይይዛታል። ጎትቶ ሰውነቷ አልወጣ ሲለው የያዘውን ቆርጦ ይሄዳል።

እስቲ ይህን እዪና መልሺልን፦ ቆጡ ከመስኮቱ ምን ያህል ይርቃል? ሽቦው ላይ የደረቀ ደም ወይም ላባ አለ? ዛሬ ማታ ደግሞ የምድጃ አመድ በወንፊት ነፍተሽ ከመስኮቱ ሥርና ከበሩ ፊት አንድ ሜትር ያህል በስሱ አልብሺው። ጠዋት ዶሮዎቹ ወጥተው ሳይጭሩት እዪው። የጥፍር ምልክት ያለበት ረዘም ያለ ዱካ የውሻ ወይም የቀበሮ ነው። ክብ ሆኖ ጥፍር የማይታይበት የድመት ወይም የሸለምጥማጥ ነው።

አዘዞ ጓሮ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ቆጡ ከመስኮቱ አንድ ስንዝር አይርቅም። ሽቦው ላይ ሁለት ቦታ ላባ ከደም ጋር ደርቋል፤ አንዱ ቀዳዳ ጥምዝምዙ ተፈትቶ ሦስት ጣት ያሳልፋል። አመዱ ላይ ክብ ዱካ አለ፣ ጥፍር የለውም። በድንጋይ አጥሩ አናት ላይም አንድ ቦታ የተከማቸ ኩስ አገኘሁ፤ ጸጉርና የፍሬ ዘር ይታይበታል። ሦስተኛዋስ እንዴት ሄደች?

ባለ ቆጥ፦
ድመት ኩሱን በአፈር ይሸፍናል። ሸለምጥማጥ ግን ከፍ ያለ ቦታ ይመርጥና እዚያው እየተመላለሰ ይጥላል፤ ፍሬም ይበላል። ስለዚህ እሱ ነው። ሦስተኛዋ ማታ ሳትገባ ውጭ የቀረች መሆን አለባት። በሩን ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ዓይን ለዓይን መተያየት ሳያቅት፣ ቆጥረሽ ዝጊው። አንድ ከጎደለች አጥሩ ሥርና ዛፉ ላይ ፈልጊያት። ሸለምጥማጥ እንደመሸ ነው የሚነሳው፤ አንድ ሰዓት ማዘግየትሽ ለእሱ ይበቃዋል።

ጭቃና ቆርቆሮ፦
የዶሮ ሽቦ የተሠራው ዶሮ እንዳትወጣ ነው፤ አውሬ እንዳይገባ አይደለም። ሽቦው እርስ በርሱ ተጠማዞ ስለተያዘ አንዱ ሲፈታ አጠገቡ ያለውም ይላላል፤ አንድ ክረምት ዝናብ ከመታውና ከዛገ ደግሞ በእጅ ይቀደዳል። መገናኛው ሁሉ የተበየደ፣ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው ሽቦ ግዢ። ቀዳዳው 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሁን። ሱቁ ውስጥ ትንሿን ጣትሽን ክተቺበት፤ እስከ መካከለኛው አንጓ ከገባች ሰፍቷል።

አወጣጠሩ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ሽቦውን ከውስጥ በኩል መትተሽ ከያዝሽው አውሬው ሲገፋው ምስማሩ ይነቀላል። ከውጭ ይሁን፤ ከመስኮቱ ፍሬም በየጎኑ 5 ሳንቲ ሜትር ይለፍ፤ በላዩ ቀጭን ጣውላ ተደርጎ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ በብሎን ይያዝ። ምስማር አጥፎ መያዝ አይበቃም። የድሮውን ሽቦ አታንሺው፤ በውስጥ በኩል ይቆይ። በሁለቱ መካከል የግድግዳው ውፍረት ስለሚኖር ዶሮዋ ከውጭው ሽቦ ጋር አትነካካም።

ቀጥሎ ጣሪያ ሥር። የጭቃ ቤት ሲደርቅ ግድግዳው ይወርድና ከቆርቆሮው ጋር ክፍተት ይፈጥራል። ሸለምጥማጥ ጭንቅላቱ ካለፈ ሌላው አካሉ ያልፋል። ክፍተቱን በጭቃ አትድፈኚው፤ የኩሱ ሽታ የሚወጣው በዚያ ነው፤ ከታፈነ ዓይናቸው ያለቅሳል፣ ሳል ይይዛቸዋል። በዚያው ሽቦ ዙሪያውን ሸፍኚው። ክዳኑ ላይ የተንጠለጠለ የዛፍ ቅርንጫፍ ካለ ሁለት ሜትር ያህል እንዲርቅ ቁረጪው፤ መሰላሉ እሱ ነው።

ከግድግዳው እግር ደግሞ ሽቦውን 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ አጥፈሽ መሬት ላይ አንጥፊው፤ አፈርና ድንጋይ ጫኚበት። የሚቆፍር አውሬ ግድግዳው ሥር ነው የሚጀምረው፤ ሽቦ ሲያገኝ ወደ ኋላ አፈግፍጎ ልቆፍር አይልም። የበሩ ሥር ክፍተት ከ1 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ከታች ላሜራ ምቺበት፣ አይጥም እንጨቱን አይበላውም። መቀርቀሪያው ሁለት ይሁን፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች። በአንድ የተያዘ በር ከታች ሲገፋ ጥጉ ይከፈታል።

ቆጡን ወደ ቤቱ መሐል አምጪው። ለአንድ ዶሮ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ስለሚያስፈልግ ለ11ዱ የቤቱ ርዝመት ይበቃል። 5 ሳንቲ ሜትር የሚወፍር ባሕር ዛፍ፣ ቅርፊቱ የተላጠ ይሁን፤ ቅማልና መዥገር የሚደበቀው ቅርፊት ሥር ነው። ከመሬት 70 ሳንቲ ሜትር ይነሳ።

ቀሐ ዳር፦
ውሻ ብታሳድሪ ይሻላል እላለሁ። አምፖልም አብርተሽ እደሪ፤ ብርሃን ካለ አይደርስም። ቀን ጭልፊት ካስቸገረ ደግሞ ከጎርጎራ የሚመጣ አሮጌ የዓሣ መረብ ከላይ መወጠር ነው።

የእንስሳት ጤና፦
መረቡ ጥሩ ነው፤ ጫጩት ለያዘ ሰው በተለይ። ወጥሮ መያዝ አለበት፣ ከላላ ግን ወፍም ዶሮም ይጠላለፍበታል። ጓሮው ላይ ጌሾ ወይም ግራዋ ካለ አትቁረጡት፤ ጭልፊት ሲያንዣብብ ዶሮዎቹ ሮጠው የሚገቡበት እሱ ነው።

በአምፖሉ ግን አልስማማም። ሸለምጥማጥ በጥቂት ቀን ይለምደዋል። ሌሊቱን ሙሉ የበራበት ዶሮ ደግሞ እረፍት ያጣል፣ መናከስ ይጀምራል። ብርሃን የምትጨምሪው ለእንቁላል ከሆነ በልኩ ይሁን። በጎንደር በታኅሣሥ የቀኑ ርዝመት 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ጣይ ዶሮ ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ትፈልጋለች። ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስኪነጋ አንድ ትንሽ አምፖል ብታበሪ ይሞላል። ጠዋት እንጂ ማታ አይጨመርም፤ ማታ አምፖሉ ድንገት ሲጠፋ ቆጥ ላይ ሳይወጡ መሬት ላይ ይቀራሉ። ውሻም ከቡችላነቱ ከዶሮ ጋር ካላደገ እሱ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው።

መርዙን እባካችሁ አታንሱት። ዶሮዋ ራሷ ትለቅመዋለች፤ የተመረዘ አይጥ የበላ ድመት፣ ውሻና አሞራ አብሮ ያልቃል፤ ልጆችም አሉ። ሸለምጥማጡ ቢሞት ቀዳዳው ካልተደፈነ ሌላው በቦታው ይተካል። የአይጥ ጠላትም እኮ ነው።

እንቁላሉ የወረደው በድንጋጤ ነው። ሌሊት ሲያድሩ የሚረብሻቸው ከቀረ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ መመለስ ይጀምራል። በዚህ ጊዜ መኖ አትቀይሪ፣ አዲስ ዶሮም አትቀላቅዪ። ለ11 ዶሮ በቀን 1.3 ኪሎ የጣይ መኖ፣ 3 ሊትር ያህል ንጹሕ ውኃ ይድረሳቸው፤ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ለብቻው በጣሳ ይቀመጥላቸው። ማታ የተረፈውን መኖ አንሺ፤ አይጥ የሚመጣው ለእሱ ነው፣ ሸለምጥማጡ ደግሞ ለአይጡ። የጎደለውንም እንቁላል ሁሉ አልጣሉም አትበይ፤ የፈራች ዶሮ ጎጆዋን ትታ ቁጥቋጦ ሥር ትጥላለች። በሦስት ሳምንት ካልተመለሰ፣ ወይም አንገት መጠምዘዝና አረንጓዴ ተቅማጥ ካየሽ ፈንግል ሊሆን ስለሚችል ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሂጂ። የሞቱትን ሜዳ ላይ አትጣያቸው፤ ግማሽ ሜትር ቆፍረሽ ቅበሪያቸው።

አዘዞ ጓሮ፦
ሁላችሁንም እግዜር ያክብርልኝ። ሽቦው ስንት ሜትር ይፈጅብኛል? መስኮቱ 60 በ80 ነው።

ጭቃና ቆርቆሮ፦
1 ሜትር ስፋት ያለውን ጥቅል አስቢ። የቤቱ ዙሪያ 9 ሜትር ነው። ጣሪያ ሥሩን ለመሸፈን በ25 ሳንቲ ሜትር ስንጥቅጥቅ ስታደርጊው 2 ሜትር ከ25 ይወስዳል። ለመሬቱ በ50 ሳንቲ ሜትር ከሁለት ተሰንጥቆ፣ አራቱን ማዕዘን ጨምሮ 5 ሜትር ተኩል። ለመስኮቱ 1 ሜትር። መደራረቢያውን ጨምረሽ 10 ሜትር ያዢ። ገንዘቡ ካጠረሽ መስኮቱንና ጣሪያ ሥሩን አስቀድሚ፤ መሬቱን ለጊዜው ጠፍጣፋ ድንጋይ ደርድሪበት። ቆጡን ግን ዛሬ ከመምሸቱ በፊት ወደ መሐል አምጪው፤ እሱ ሽቦ አይጠብቅም።