«ውሂብ አጽዳ» ሲል ምን ሊያጠፋ ነው?

ጠያቂ (ድሬዳዋ፣ ከዚራ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የእናቴን ስልክ ወደ አማርኛ ቀየርኩላት። አንዱ መተግበሪያ ሲንቀራፈፍባት ቅንብሮች ውስጥ ገባሁ። «መሸጎጫ አጽዳ» እና «ውሂብ አጽዳ» ይላል። ውሂብ ምንድን ነው? የልጅ ልጆቿ ፎቶ ይጠፋል ብዬ ፈራሁ።

ከሐረር፣ ጀጎል፦
ውሂብ ግዕዝ ነው፤ ሥሩ ወሀበ፣ ሰጠ። በግዕዙ አባታችን ሆይ ጸሎት «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ ሀበነ ዮም» ስንል ሀበነ (ስጠን) ከዚሁ ነው። ሀብትም እንዲሁ። ውሂብ ተብሎ የተተረጎመው የእንግሊዝኛው ዳታ ደግሞ በላቲን «የተሰጠ» ማለት ነው። ተርጓሚው ሥሩን ከሥሩ ጋር አገናኝቷል። እጁን ይባርከው!

ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን፦
ወንድሜ፣ ቸኮልክ። «የተሰጠ» ውሁብ ነው። ውሂብ በሰዋስው አርእስት የሚባለው፣ የድርጊቱ ስም ነው፤ መስጠት ማለት ነው። የኔታ ፊት እንዲህ ብል ኖሮ ከመጀመሪያው ያስጀምሩኝ ነበር።

ጀጎል፦
ክሂሎትም እኮ «መቻል» ነበር። ዛሬ ሙያውን ራሱን እንልበታለን። ቃል አማርኛ ሲገባ ይለምዳል።

ሳቢያን፦
አይመሳሰልም። ችሎታ ከሰውየው አይለይም። ዳታ ግን ከሰጪው ተለይቶ የሚቀመጥ ነው። ውሁብ ነው መባል ያለበት።

ከድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ፦
ይቅርታ፣ እኔ ስልክ ጠጋኝ ነኝ። ልጁ የጠየቀው ሌላ ነው። እናቶቻችን ብር መቀነታቸው ውስጥ ይሸጉጣሉ አይደል? ቀፊራ ገበያ ሲደርሱ ቶሎ ለመምዘዝ ነው። መሸጎጫም እንደዚያ ነው። መተግበሪያው ከኢንተርኔት ያመጣውን ምስል ደጋግሞ ላለማምጣት ቅጂውን አጠገቡ ይይዛል። ብታጸዳው መልሶ ያመጣዋል። ውሂቡን ካጸዳህ ግን መተግበሪያው ገና ዛሬ እንደተጫነ ይሆናል። መለያዋንም (አካውንቷን) ቅንብሯንም ይረሳል። የይለፍ ቃሏን ካላወቅህ አትንካው።

ከምድር ባቡር ሰፈር፦
አባቴ ባቡር ላይ ነበር የሠራው። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬ ሲደርስ ፈረንሳይኛም አብሮት ገባ። መሸጎጫ የተባለው በእንግሊዝኛ «ካሽ» ነው፤ እሱም የፈረንሳይኛው «ካሼ» ልጅ ነው። ካሼ መደበቅ ነው። ስለዚህ መደበቂያ ይሻል ነበር።

ታይዋን ገበያ፦
አባቴ፣ በዚህስ አልስማማም። የደበቁትን ሌላ ሰው እንዳያገኘው ነው። የሸጎጡትን ግን የራስ እጅ ቶሎ እንዲያገኘው ነው። ስልኩ የሚያደርገው ሁለተኛውን ነው።

ጠያቂ፦
መሸጎጫውን ብቻ አጸዳሁት። ፎቶዎቹ አሉ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ጀጎል፦
ተመስገን። ግን ውሁብ ከሆነ፣ ብዙ ቁጥሩ ውሁባን ሊባል ነው?

ሳቢያን፦
ውሁባን ለሰው ነው። ለነገር ውሁባት ይሻላል። ነገ ከቅዳሴ መልስ በሰፊው እጽፈዋለሁ።