ጎብኚው መጣ፣ እኛ ግን ግራ ገባን

እባካችሁ ምከሩን። ናዳ በጎዳት አንዲት የገጠር መንደር በበጎ ፈቃድ የምንሠራ ተማሪዎች ነን። የእግር መንገዱን ጠርገናል፤ ሦስት ቤተሰቦችም ለእንግዳ ክፍል አዘጋጅተዋል። የመጀመሪያዎቹ ጎብኚዎች ግን አንዲት እናት የፈረሰ ቤቷ ደፍ ላይ ተቀምጣ ሳለ ሳያስፈቅዱ ፎቶ አነሷት። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ነዋሪው ገቢውን ይፈልገዋል። በ2015 እ.ኤ.አ. በናዳ የተቀበረው የኔፓሉ ላንግታንግ መንደርም የእንግዳ ማረፊያዎቹን መልሶ ሠርቶ ተጓዥ ይቀበላል።

ሌላው ጭንቀቴ፣ አስጎብኚነቱን በነጻ የያዝነው እኛ ነን። የመንደሩን ወጣቶች እንጀራ እየዘጋን ይሆን? ልምዱ ያላችሁ ንገሩን፦ የፎቶውን ደንብ ማን ያውጣ? ክፍያውስ ለየቤቱ ይሁን ወይስ በጋራ ሣጥን ይግባ? ትምህርት ሊጀመር ሁለት ሳምንት ብቻ ቀርቶናል።