የ3 ደቂቃ የልጆች ተረት አኒሜሽን በምን እንሥራው?

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)
ጤና ይስጥልኝ። ለትምህርት ቤታችን ክበብ አንድ ተረት በአኒሜሽን ልንሠራ ነው። ባለቁምጣና ባለጋቢ ገበሬ፣ ቀበሮና በግ አሉበት። ያለን ላፕቶፕ ራሙ 8 ጊጋ ነው፣ ግራፊክስ ካርድ የለውም። በእጅ ሥዕል፣ በ3ዲ ወይስ በጭቃ ይሻላል? መብራትም ይሄድብናል።

ዳሞት
3ዲውን ተዉት፤ የቀበሮና የበግ ፀጉር ብቻውን ያን ላፕቶፕ ያንበረክከዋል። በእጅም ከሆነ ሒሳቡን እዩት፦ በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ነው፤ አንዱ ሥዕል ሁለት ፍሬም ቢቆይ እንኳ ለ180 ሰከንድ 2160 ሥዕል ይፈልጋል። የሚያዋጣችሁ አንዴ የሣላችሁትን ቁርጥራጭ ሥዕል እያንቀሳቀሳችሁ መሥራት ነው። ገበሬውን ራስ፣ ደረት፣ እያንዳንዱን እጅና እግር በሦስት በሦስት ለያይታችሁ ሣሉት፤ 14 ቁራጭ ይወጣዋል። መጋጠሚያዎቹ ክብ ሆነው ይደራረቡ፤ ቀጥ ብለው ከተቆረጡ ክርኑ ሲታጠፍ ክፍተት ይታያል። ከሁሉ የሚያስቸግረውን ትከሻውን ጋቢው ይሸፍንላችኋል። ቁምጣው ግን ጉልበቱን ስለሚያጋልጥ እዚያ ጋ አትቸኩሉ።

ጮቄ
ምንም ነገር ሳታንቀሳቅሱ በፊት ድምፁን ቅረጹ። የስቶሪቦርዱን (ታሪኩን በቅደም ተከተል የሚያሳየውን ንድፍ) ሥዕሎች ፎቶ አንሥታችሁ በድምፁ ላይ ደርድሩ፤ የሚንዛዛው ቦታ እዚያው ይታወቃል። ይህን የዘለለ ሰው ያለቀ ሥራ ነው የሚጥለው።

ለአፍ 6 ቅርጽ ይበቃል፦ ለም፣ ለብና ለፕ የተዘጋ፤ ለፍ ጥርስ የታች ከንፈርን የነካበት፤ ለኣ የተከፈተ፤ ለኡና ለኦ የሞጠሞጠ፤ ለኢና ለኤ የተለጠጠ፤ ለሌላው ገርበብ ያለ። «ጎጃም» ሲል ይሞጠሙጣል፣ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ለእያንዳንዱ ፊደል አፍ ከቀየራችሁ ይርገበገባል። የተዘጋውን ግን እንዳታስቀሩ፤ ከድምፁ አንድ ፍሬም ቀደም ብሎ ቢዘጋ ደግሞ ይበልጥ ያምራል።

የማንኩሳው
ስለ መብራቱ፦ ሥራውን በቀጥታ ወደ ቪዲዮ ፋይል ሬንደር አታድርጉ (አታውጡ)። መሐል ላይ ከተቋረጠ ፋይሉ አልከፈት ሊል ይችላል። ፍሬም በፍሬም ወደ ፒኤንጂ ምስሎች አውጡት። ብሌንደር በሚባለው የአኒሜሽን ፕሮግራም ላይ «ኦቨርራይት» (ባለው ፋይል ላይ ደርበህ ጻፍ) የሚለውን ምልክት ካጠፋችሁ፣ ያለቀውን እየዘለለ ካቆመበት ይቀጥላል። እንደገና ስታስጀምሩ የመጨረሻውን ምስል ሰርዙ፤ ግማሹ ብቻ ተጽፎ ከሆነ እንዳለቀ ቆጥሮ ያልፈዋል።

ምስሎቹን ከድምፁ ጋር ኤዲት የምታደርጉበት ፕሮጀክትም በሰከንድ 24 ፍሬም ላይ መሆኑን እዩ። የ180 ሰከንዱ 4320 ምስል በሰከንድ 25 ከሄደ በ172.8 ሰከንድ ያልቅና ድምፁ 7 ሰከንድ ይተርፋል። ሰው ድምፁን ሲጎትት ይውላል፣ ችግሩ ያለው ግን ፍሬሙ ላይ ነው።

አባይ ማዶ
ልጆቹ በእጃቸው እንዲሠሩ ከተፈለገ ጭቃውም አይናቅ። ተራ ጭቃ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ፕላስቲሲን (የማይደርቅ የመጫወቻ ጭቃ) ይሁን። ጭቃውን ትንሽ ትንሽ እያንቀሳቀሳችሁ ፎቶ የምታነሡበት ስልክ ንቅንቅ አይበል፤ ፎከሱ፣ ብርሃኑና የቀለም ሚዛኑ ይቆለፍ። መስኮቱንም ጋርዱ፤ ደመና ባለፈ ቁጥር ሥዕሉ ብልጭ ድርግም ይላል።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ። በጉም 14 ቁራጭ ይፈልጋል?

ዳሞት
አይፈልግም። ፀጉሩ መጋጠሚያውን ስለሚሸፍን እያንዳንዱ እግር በሁለት ይበቃዋል። በወዲያኛው ጎን ያሉትን ሁለት እግሮች ግን ጠቆር አድርጓቸው፤ አለዚያ ሲራመድ የትኛው እግር የት እንዳለ አይለይም።