የስፒትፋየር ቦዲ ሳይጣመም ከሻሲው እንዴት ይነሣል?

ሰላም ወገኖች። ድሬዳዋ ከዚራ፣ ግቢያችን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠራ ትራያምፍ ስፒትፋየር የሚባል ክፍት የእንግሊዝ መኪና አለኝ። ሻሲውን (ቦዲው የሚቀመጥበትን የብረት አጽም) አጽድቼ ለመቀባት ቦዲውን ማንሣት ፈልጌ መሀል ላይ ቆሜያለሁ።

ሞተሩና ኮፈኑ ወርደዋል፤ የመሪው ዘንግ፣ የፍሬን ቱቦዎች፣ የእጅ ፍሬኑ ገመድና ሽቦዎቹም ተለያይተዋል። ከኋላ እግሮች የሚመጡትን ሁለት ዘንጎችም ፈትቻለሁ፤ ሻሲው ላይ ሳይሆን ቦዲው ላይ ስለሚታሰሩ ብዙ ሰው ይረሳቸዋል። ቦዲውን ከሻሲው ጋር ከሚያስሩት የቀሩት ሁለት ብሎኖች ግን ዳዶዎቻቸው ላሜራው ውስጥ አብረው ይዞራሉ፤ ቁልፍ የሚገባበት ቦታ የለም።

ከዚህ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ከበሮቹ ሥር ያለው ላሜራ ነው። ዝገት በልቶታል፤ መኪናው ጣሪያ ስለሌለው ደግሞ የቦዲውን ወገብ የሚይዘው እሱ ነው። የሰፈራችን በያጅ «አንሡት፣ በኋላ እንበይደዋለን» ይላል። እጁን አምናለሁ፣ ምክሩን ግን አላምንም። የበሮቹን ክፍተት በቱቦላሬ ወጥሬ ላንሣው ወይስ ሻሲው ላይ እንዳለ አዲስ ላሜራ ላስበይድለት? ቱቦላሬውስ የት የት ይያዝ? ክሬን የለኝም፤ ጉልበት ያላቸው የጎረቤት ልጆች ግን ሞልተዋል። እንዲህ ዓይነት ክፍት መኪና አንሥታችሁ የምታውቁ፣ እባካችሁ ብሎኖቹን ከመቁረጤ በፊት መልሱልኝ።