ከአማልፊው ቅዱስ እንድርያስ እስከ ራቬሎ በእግር፦ እናቴን ይዤ ልወጣው?

ጥያቄ
የሮሟ ልጅ፦
ሰላም እንዴት ናችሁ። እናቴ በመስከረም መጨረሻ ከአዲስ አበባ ሮም ትመጣልኛለች። የሐዋርያው እንድርያስ አፅም ደቡብ ጣሊያን አማልፊ እንዳለ ከሰማች ጀምሮ ሌላ ወሬ የላትም፣ ሄጄ ካልተሳለምኩ ብላለች። እኔ ደግሞ እግረ መንገዳችንን ራቬሎ ያለውን የቅዱስ ጰንጠሌዎን ካቴድራል ላሳያት አሰብኩ። ካርታ ላይ ሁለቱ ተጠጋግተዋል፣ ግን አንዱ ባሕር ዳር ነው ሌላው ተራራ ላይ። አውቶቡስ እንዳለ ስነግራት «ቤተ ክርስቲያን በእግር ነው የሚኬደው» ብላ ድርቅ አለች። ዕድሜዋ 66 ነው። ትንፋሽ አያጥራትም፣ እንጦጦ ማርያም ድረስ በእግሯ የምትወጣ ሴት ናት፣ ቀኝ ጉልበቷ ግን ያማታል፣ በተለይ ብርድ ሲሆን። የወጣችሁበት ካላችሁ፦ መንገዱ ምን ይመስላል? ስንት ሰዓት ይፈጃል? ወጥቶ በአውቶቡስ መውረድ ነው የሚሻለው ወይስ በአውቶቡስ ወጥቶ በእግር መውረድ? ከሮም በምን ልውሰዳት? እባካችሁ «ቀላል ነው፣ ሂዱ» ብቻ አትበሉኝ።

መልሶች

ናፖሊ ነዋሪ፦
እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። ሄጄበታለሁ። ይቻላል፣ ግን መንገድ ብለሽ አታስቢው፣ ደረጃ ነው። ራቬሎ ከባሕር ወለል 350 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ሊፍቱ የተበላሸበት ከመቶ ፎቅ በላይ ሕንፃ አስቢ፣ እሱን ነው የምትወጡት።

ከአማልፊ ካቴድራል ተነስታችሁ መጀመሪያ ወደ አትራኒ ነው የምትሄዱት፣ ሩብ ሰዓት ቢወስድ ነው። የመኪናው መንገድ ጠባብ ስለሆነ አውቶቡስ ሲመጣ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው ያለው፣ ስለዚህ የእግረኛ ዋሻውን ጠይቂና በእሱ እለፉ። አትራኒ አንዲት ትንሽ ፒያሳ አለቻት። እዚያ ውሃ ሙሉ፣ ቡና ጠጡ፣ መጸዳጃ ቤትም የምትገቡ ከሆነ እዚያው ግቡ፣ ምክንያቱም ከዚያ በላይ እስከ ራቬሎ ሱቅም ቡና ቤትም እንዳትጠብቂ። ፒያሳው ላይ ሳን ሳልቫቶሬ የምትባል ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለች፣ የድሮዋ የአማልፊ ሪፐብሊክ መሪዎች የሚሾሙባት የነበረች። የእሷ ደረጃ ላይ ትንሽ አረፍ በሉ።

ከዚያ በመንደሩ ጀርባ ወደ ድራጎኔ ሸለቆ የሚያስገባውን ደረጃ ትይዛላችሁ፣ ራቬሎ የሚል ምልክት አለው። መጀመሪያ በሰው ቤት ግድግዳና ግድግዳ መሀል ነው፣ ከዚያ የሎሚ እርከን ይመጣል። የሎሚ ዛፎቹ ላይ ጥቁር መረብ ተዘርግቶ ታያለሽ፣ ከበረዶና ከነፋስ መከላከያ ነው። የደረጃው ድንጋይ እኩል አይደለም፣ አንዱ አጭር ነው፣ አንዱ ጉልበት ድረስ ይመጣል ማለት ይቻላል። ጤነኛ ሰው ከአትራኒ በአንድ ሰዓት አካባቢ ይጨርሰዋል። ለእማማ ግን እጥፉን ያዢ።

ጉዞ ወዳዱ፦
ለምን ትሰቃያላችሁ? በአውቶቡስ ውጡና በእግር ውረዱ። ዳገቱን ገላገላችሁ ማለት ነው። እኔ ወደ ሚኖሪ ነው የወረድኩት፣ በቶሬሎ መንደር በኩል ቁልቁል አንድ ሰዓት እንኳን አልፈጀብኝም፣ ባሕሩን ፊት ለፊት እያየሽ ነው የምትወርጂው። መጨረሻው ላይ ደግሞ የቅድስት ትሮፊሜና ባዚሊካ አለ፣ ስለዚህ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚለውም አልቀረም።

ሲስተር ከቦሎኛ፦
ወንድሜ ሐሳብህ ለአንተ ጉልበት ጥሩ ነው፣ ለእሳቸው ግን ተቃራኒው ነው። ትንፋሽ ያለውና ጉልበቱ የታመመ ሰው መውጣቱን ይችለዋል፣ የሚጎዳው መውረዱ ነው። ሲወርዱ የሰውነት ክብደት በሙሉ እየተጎተተ የሚያርፈው የጉልበት ሎሚ ላይ ነው፣ ያውም ከሺህ በላይ ደረጃ። ልብ ወይም ሳንባ የሚያስቸግረው ሰው ቢሆን እኔም ውረዱ ነበር የምለው።

የሮሟ ልጅ፣ እናትሽ ከአዲስ አበባ ከፍታ ነው የሚመጡት፣ 2,400 ሜትር አካባቢ የኖረ ሰው ባሕር ዳር ሲደርስ አየሩ ይበዛለታል። የሚከብዳቸው ሙቀቱና ወበቁ ነው። ስለዚህ ጠዋት በጊዜ ውጡ፣ ሳይጠማቸው ውሃ ይጠጡ። እናቶቻችን መጸዳጃ ቤት ፍለጋ እንዳያስቸግሩ ብለው ውሃ ይተዋሉ፣ እሱን ተቆጣጠሪ።

አሁን ዋናው። የአማልፊ ካቴድራል ራሱ በ62 ደረጃ ነው የሚወጣው። እሱን በነፃ ላቦራቶሪ አድርጊው። ወጥተው ተሳልመው ሲወርዱ ከኋላ ሆነሽ እያቸው። ጎን ለጎን እየዞሩ፣ የደረጃውን ብረት ይዘው፣ ፊታቸውን አጨማደው ከወረዱ ያ ቀን የአውቶቡስ ቀን ነው፣ ክርክር የለም። ደህና ከሆኑ ውጡ፣ መመለሻው ግን በምንም ተአምር በእግር አይሁን።

ምርኩዝ ያስፈልጋል። ቀኝ ጉልበታቸው ከሆነ በግራ እጃቸው ነው የሚይዙት፣ ብዙ ሰው በታመመው በኩል ይይዝና ይብስበታል። ደረጃ ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ የታመመው። ክኒን ከሰጠሽም ከምግብ በኋላ፣ ያውም ሐኪማቸው የፈቀደውን። የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ከራስሽ ቦርሳ የሕመም ማስታገሻ አውጥተሽ እንዳትሰጪያቸው።

ጉዞ ወዳዱ፦
ሲስተር ተማርን። ለራሴም ይሁነኝ፣ እኔም 50ን እያለፍኩ ነው።

የሮሟ ልጅ፦
ሲስተር እግዜር ይስጥልኝ። የ62ቷ ደረጃ ነገር በጣም ተመቸችኝ፣ ለእሷ ግን ፈተና መሆኑን አልነግራትም፣ ካወቀች እያመማትም ሮጣ ነው የምትወርደው። አንድ ሌላ ነገር፦ ዕለቱ ረቡዕ ወይም አርብ ከዋለ የጾም ምግብ እዚያ አካባቢ ይገኛል? ነጠላዋን ለብሳ መግባትስ ችግር አለው?

ቀለም ወዳድ፦
ነጠላ? እንዲያውም ለእሳቸው ቀላል ነው። በር ላይ ትከሻና ጉልበት የተሸፈነ ይፈልጋሉ፣ ቱሪስቱ ነው ሻርፕ ፍለጋ የሚሯሯጠው።

ስለ ቤተ ክርስቲያኖቹ ትንሽ ልበል፣ ከእናት ጋር ሲሆን ታሪኩን ይዞ መሄድ ደስ ይላል። የእንድርያስ አፅም ከቁስጥንጥንያ ወደ አማልፊ የመጣው በ1208 ነው፣ አራተኛው የመስቀል ጦርነት ከተማዋን ከያዘ በኋላ፣ ያመጡት የአማልፊው ተወላጅ ካርዲናል ፒዬትሮ ካፑዋኖ ናቸው። አፅሙ ያለው ከታች፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ነው፣ ከመንበሩ በላይ የሐዋርያው የነሐስ ሐውልት ቆሟል። በቱሪስት ሰዓት የሚገባው በጎን ባለው ግቢ በኩል በትኬት ነው፣ ለጸሎት ብቻ ከሆነ በር ላይ ጠይቂ። ስትወጡ ትልቁን በር እዩት፣ በ11ኛው መቶ ዘመን ቁስጥንጥንያ ላይ የተሠራ ነሐስ ነው። ፊት ለፊት የምታዩት ባለ መስመር ግንብ ግን ያን ያህል አሮጌ አይደለም፣ የድሮው በ1861 ፈርሶ አዲሱ ያለቀው በ1891 ነው። በኛ አቆጣጠር የእንድርያስ በዓል ታኅሣሥ 4 ነው፣ እነሱ በፈረንጅ ኖቬምበር 30 ያከብሩታል፣ ስለዚህ በመስከረም ግርግሩ አያገኛችሁም።

ራቬሎ ላይ ያለው ጰንጠሌዎን ሐኪም የነበረው ሰማዕት ነው። እማማ የአክሱሙን አባ ጰንጠሌዎንን፣ ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱን ነው ብለው እንዳያስቡ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፣ እዚያ ደርሰው ቅር እንዳይላቸው። የሰማዕቱ ደም በብልቃጥ ተቀምጧል፣ በየዓመቱ ጁላይ 27 ይቀልጣል ብለው ሰዉ ይሰበሰባል።

ውስጥ ስትገቡ ሁለት መስበኪያ ሰገነት አለ። ትልቁ በ1272 የተሠራ ነው፣ ስድስት ጥምዝ አምዶች በስድስት አንበሶች ጀርባ ላይ ቆመዋል። ሁሉም ሰው እሱን ፎቶ አንስቶ ይወጣል። እናንተ ዞር በሉና ትንሹን እዩት። ዮናስ አለበት፣ በደቃቅ ባለ ቀለም ድንጋይ የተሠራ። በአንዱ በኩል አሣ አንበሪው ይውጠዋል፣ በሌላው በኩል ይተፋዋል። አሣ ይበሉት እንጂ ክንፍና ጥፍር ያለው፣ ጅራቱ የተጠማዘዘ ዘንዶ ነገር ነው። ነነዌን የጾመ ሰው ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል፣ እናትሽ አንቺን ነው የሚያስረዱሽ።

ናፖሊ ነዋሪ፦
ለጾሙ አትጨነቂ፣ እንዲያውም በካምፓኒያ ጿሚ አይራብም። ፒዛ ማሪናራ በዪ፦ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖ፣ ዘይት፣ አለቀ። አይብ የለውም። አንዳንድ ቦታ አንቾቪ ስለሚጨምሩ «ሴንሳ አቹጌ» ማለትሽን አትርሺ። ፓስታ በቲማቲም ስታዢ ደግሞ «ሴንሳ ፎርማጆ» ካላልሽ አይቡን ሳይጠይቁ ይነሰንሱበታል። ቆሎ ከሮም ይዘሽ ብትሄጂ ግን ደረጃው መሀል ላይ ታመሰግኚኛለሽ።

ከሮም አመጣጥ፦ ከቴርሚኒ በፈጣኑ ባቡር ሳሌርኖ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ከጣቢያው ወጥተሽ ወደ ባሕሩ በእግር አምስት ደቂቃ ብትሄጂ ፒያሳ ኮንኮርዲያ ነው፣ ጀልባው ከዚያ ይነሳል፣ 35 ደቂቃ አካባቢ አማልፊ ትደርሳላችሁ። በመስከረም መጨረሻ ጀልባው ይሠራል፣ ባሕሩ ከተናወጠ ግን ይሰርዙታል፣ ያኔ ሲታ የሚባለው አውቶቡስ አለ። የአውቶቡሱ መንገድ ጠመዝማዛ ነው፣ እማማ መኪና ላይ የሚያጥወለውላቸው ከሆነ ፊት ለፊት አስቀምጫቸው። በአንድ ቀን ደርሶ መልስ አታድርጊው፣ አማልፊ ወይም አትራኒ እደሩና ጠዋት ጀምሩ። አልጋ ስትይዢ «ስንት ደረጃ አለው?» ብለሽ ጠይቂ። ቀልዴን አይደለም፣ አትራኒ ውስጥ ካረፋችሁበት ቤት ለመውጣት ብቻ ሌላ ተራራ ሊጠብቃችሁ ይችላል።

የሮሟ ልጅ፦
ዝናብ ቢመጣስ? የአየር ትንበያው አሁን ባይታወቅም መስከረም መጨረሻ አይታመንም ይላሉ።

ናፖሊ ነዋሪ፦
ዝናብ ከሆነ ተዉት። ድንጋዩ ያሟልጫል፣ ይህ አንድ። ሁለተኛው የባሰው ሸለቆው ነው። የድራጎኔ ወንዝ አትራኒ ሲደርስ ከመንደሩ መንገድ ስር ተሸፍኖ ነው የሚያልፈው። በ2010 ሴፕቴምበር 9 ላይ ከባድ ዝናብ ዘንቦ ጎርፉ ፒያሳውን አቋርጦ መኪናዎችን ወደ ባሕር ጠርጎ ወስዷል፣ አንዲት ወጣትም ሞታበታለች። የማስጠንቀቂያ ማስታወቂያ ካየሽ ወይም ሰማዩ ራቬሎ በኩል ከጠቆረ በአውቶቡስ ሂዱ። ለአደጋ 112 ነው።

ሲስተር ከቦሎኛ፦
እኔ የምጨምረው ጫማ ነው። ለጉዞው ተብሎ አዲስ ጫማ አይገዛላቸው። የለመዱትን፣ ሶሉ የሚቆነጥጠውን ያድርጉ። እሺ ካሉሽ ሮም ውስጥ እስከዚያ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ደረጃ አለማምጃቸው። እምቢ ካሉሽ ደግሞ ቪላ ቦርጌዜ ላሳይሽ ብለሽ በእስፓኛ ደረጃ በኩል ውሰጃቸው፣ ሳያውቁት ይለማመዳሉ።

የሮሟ ልጅ፦
ሲስተር ተንኮለኛ ነሽ፣ በጣም ነው የወደድኩሽ። እንግዲህ የያዝኩት ይህን ነው፦ ሳሌርኖ በባቡር፣ አማልፊ በጀልባ፣ አድረን ጠዋት መሳለም፣ 62ቱን አይቼ መወሰን፣ ከዚያ ከአትራኒ በእግር መውጣት፣ በአውቶቡስ መውረድ። የራቬሎው አውቶቡስ ከየት ነው የሚነሳው?

ናፖሊ ነዋሪ፦
ከካቴድራሉ ፒያሳ ወጥተሽ በአጭሩ ዋሻ ስታልፊ ማዶ ላይ ነው ማቆሚያው፣ አማልፊ ወደብ ያወርዳችኋል፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ። ከሰዓት በኋላ ሰልፍ አለ፣ አውቶቡሱም ትንሽ ነው፣ ከሚመጣበት ሰዓት ቀድማችሁ ቁሙ። ትኬት ከታባኪ (ከሲጋራ መሸጫ ሱቅ) ነው የሚገዛው፣ ስትገቢ ማሽኑ ላይ ማስመታት አትርሺ። መመለሻውን ጠዋት አማልፊ ላይ እያለሽ ግዢ፣ ራቬሎ ላይ በምሳ ሰዓት ሱቆች ሊዘጉ ይችላሉ።